አምቡላንስ ከኋላ ሲመጣ መንገድ እንዴት ይለቀቃል?

ሳይረን ከኋላ ሲጮህ የአብዛኞቻችን እግር ቀጥታ ወደ ፍሬን ይሄዳል። የመጀመሪያው ስህተት እዚያ ላይ ነው። አምቡላንሱ የሚፈልገው እንድንቆምለት ሳይሆን እንድንለቅለት ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። መሀል መንገድ ላይ ድርቅ ብሎ የቆመ መኪና፣ ሾፌሩ የቱንም ያህል ቅን ሰው ቢሆን፣ ያው እንቅፋት ነው።

ለምን ይህን ያህል ይቸኩላሉ የሚል ካለ፣ ሒሳቡ ይኸውና። ልብ መምታት ካቆመ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። አጠገቡ ደረቱን የሚጫንለት ሰው ከሌለ፣ በሽተኛው የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ቀይ መብራት 1 ደቂቃ ተኩል ቢያስቆም ስንት እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት።

በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ጉዳዩን በአጭሩ ነው የሚያስቀምጠው፦ ልዩ መብራትና ድምፅ የሚያሰማ ተሽከርካሪ ሲቃረብ ማንኛውም መንገድ ተጠቃሚ ቦታ ይልቀቅ፣ አስፈላጊ ከሆነም ይቁም። "አስፈላጊ ከሆነም" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። መቆም ሁለተኛ ነው።

ሳይረኑ ከመሰማቱ በፊት

መንገድ መልቀቅ የሚጀመረው አምቡላንሱ ገና ሳይመጣ ነው። ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ከፊቴ ካለው የጭነት መኪና ጋር ተለጥፌ ቆሜያለሁ። አምቡላንስ ከኋላዬ መጣ። መሪዬን እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዞርኩት። መኪናው ወደፊት ካልሄደ ግን መሪ ማዞር ምን ይፈይዳል? ከፊቴ ያለው ቦታ አንድ ክንድ አይሞላም። ወደኋላ እንዳልል አምቡላንሱ አለ። በመስታወት ሳየው ሾፌሩ እኔን አያይም፤ ዓይኑ ያረፈው መብራቱ ላይ ነው። መብራቱ እስኪለቅ ድረስ ሁላችንም እዚያው ተገትረን ቀረን። ሳይረኑ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ቀላል ነው። ሰልፍ ላይ ስትቆሙ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ አስፋልቱን ሲነካ ከመቀመጫችሁ ይታያችሁ። ጎማው ካልታያችሁ በጣም ተጠግታችኋል። ያቺ ክፍተት መሪ አዙሮ ለመውጣት ትበቃለች። ክፍተቷን አይቶ ሌላ መኪና ሊገባባችሁ ይችላል፣ እሱ እውነት ነው። ይግባ። እንደገና ትንሽ ቆዩና ክፍተታችሁን አስተካክሉ።

ሁለተኛው ነገር ጆሮ ነው። መስኮት ተዘግቶ፣ ማቀዝቀዣው እየነፈሰ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ሳይረን የሚሰማችሁ አምቡላንሱ ጭራችሁ ላይ ሲደርስ ነው። የዛሬ መኪኖች የውጭ ድምፅ እንዳያስገቡ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ፈጥናችሁ ስትነዱ ደግሞ የጎማውና የነፋሱ ጩኸት ይጨመራል። ሙዚቃ አጥፉ አልልም። የጎን ተሳፋሪ በተለመደ ድምፁ ሲያወራ የማትሰሙት ከሆነ ግን በዝቷል። በሁለት ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መንዳት ደግሞ ምንም ምክንያት አይገኝለትም።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንዴ መስታወት ማየት የሚባለው የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ለፈተና ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያብለጨልጨው መብራት ከድምፁ ቀድሞ ይታያል። በነገራችን ላይ፣ በብዙ አምቡላንሶች ግንባር ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ የሚታተመው የአታሚው ስህተት ሆኖ አይደለም። እናንተ በመስታወት ስታዩት ቀጥ ብሎ እንዲነበብ ነው።

ከየት ነው የሚመጣው?

ድምፁን ሰማችሁ። አሁን መሪ አትንኩ። መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ እወቁ።

ከተማ ውስጥ ድምፅ ከሕንፃ ሕንፃ እየተጋጨ ይመጣል። ከቀኝ የመጣ የሚመስለው ከግራ ሊሆን ይችላል። ጆሮን ብቻ አምኖ መወሰን አደገኛ ነው። ሙዚቃውን ዝጉ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ሦስቱንም መስታወት እዩ። ሌሎቹን ሾፌሮችም እዩ። ከፊት ያሉት ሁሉ ወደ ዳር እየወጡ ከሆነ እናንተ ያላያችሁትን አይተዋል።

አንድ የድምፅ ፍንጭ አለ። አምቡላንሱ ወደ እናንተ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ አልፏችሁ ሲሄድ ድንገት ወፈር ይላል። ይህን ነገር ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ነው ያብራራው። እናንተ ፊዚክሱን አታስቡ፣ ድምፁ ሲወፍር አለፈ ማለት ነው።

ከፊት ለፊት እየመጣ ከሆነስ? መሀሉ በአካፋይ የተዘጋ መንገድ ከሆነ እናንተን አይመለከትም፤ ተረጋግታችሁ ቀጥሉ። አካፋይ ከሌለው ግን ይመለከታችኋል። በእሱ በኩል ያለው ሰልፍ ከተዘጋበት የሚወጣው በእናንተ መስመር ላይ ነው። ፍጥነት ቀንሱና ዳር ያዙ።

አሁን ልቀቁ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ። ፍሬቻ አብሩ። በምትወጡበት በኩል የጎን መስታወት እዩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ። ቦታው በቂ ከሆነ ዝግ ብላችሁ መቀጠል ትችላላችሁ፤ ካልሆነ ቁሙ።

ፍሬቻዋን አደራ። ፍሬቻዋ የሁሉም ነገር ቁልፍ ናት ብል አላጋነንኩም። የአምቡላንስ ሾፌር ሥራው ግማሹ የሌሎችን ሐሳብ መገመት ነው። ይሄኛው አይቶኛል ወይስ አላየኝም? ወደ ቀኝ ነው የሚወጣው ወይስ ሊቀጥል ነው? ፍሬቻ ስታበሩ "አይቼሃለሁ፣ በዚህ በኩል ነኝ" እያላችሁት ነው። ሳታበሩ ዝም ብላችሁ ፍጥነት ብትቀንሱ ግን ምን እንደምታደርጉ ስለማያውቅ እሱም ይቀንሳል። ለአምቡላንስ ፈጣን ሾፌር አያስፈልገውም። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የሚታወቅ ሾፌር ነው የሚያስፈልገው።

የጎን መስታወቱን የምታዩት ለሞተር ሳይክል ነው። ሁሉም ዳር ሊይዝ ሲሽቀዳደም በጠባቧ ክፍተት ሾልኮ የሚመጣ ሞተረኛ አይጠፋም። አንዱን ልናድን ሌላውን እንዳንገጭ።

ፍሬን በድንገት አትርገጡ ያልኩበት ምክንያት ሁለት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። አምቡላንስ ደግሞ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይቆምም። ሌላው ምክንያት ከኋላ በኩል ያለው ነው። እስቲ የኋላውን ክፍል አስቡት። በሽተኛው ቃሬዛ ላይ ታስሯል። የጤና ባለሙያው ግን ብዙ ጊዜ አልታሰረም። በአንድ እጁ ጣሪያው ላይ ያለውን መያዣ ጨብጦ፣ በሌላው የኦክስጅን ጭምብል ይዟል። ወይም ሁለቱንም እጁን አነባብሮ ደረት እየተጫነ ነው። የግሉኮሱ ከረጢት ራሱ ላይ ይወዛወዛል። እናንተ ፊት ላይ ድንገት ስትቆሙ የአምቡላንሱ ሾፌርም ፍሬን ይይዛል፤ ባለሙያው በሽተኛው ላይ ይደፋል። መርፌ እየወጋ ከሆነ ደግሞ የሚሆነውን አስቡት።

ወደየትኛው ዳር?

በአንድ መስመር ላይ መልሱ ቀላል ነው፦ በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ቀኝ፣ በግራ በሚነዳበት ወደ ግራ።

መስመሩ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የሚያጨቃጭቀው። አሜሪካን በመሰሉ አገሮች ሕጉ ሁሉም ወደ ቀኝ ጠርዝ ይውጣ ነው የሚለው። ጀርመንና ኦስትሪያ ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ኦስትሪያ ከ2012 ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች። በፈጣን መንገድ ላይ ትራፊኩ ሲንቀራፈፍ፣ የግራው ጥግ መስመር ያለው ሁሉ ወደ ግራ ይጠጋል፤ የቀሩት መስመሮች በሙሉ ወደ ቀኝ ይጠጋሉ። መሀል ላይ ክፍት መተላለፊያ ይፈጠራል። የሚገርመው፣ ሳይረን እስኪሰማ አይጠበቅም። ሰልፉ ኤሊ ሲሆን ወዲያው ይሠራል። ምክንያታቸው ገብቶኛል፤ መኪናው ተጠጋግቶ ከቆመ በኋላ መንገድ ክፈት ቢባል ማን ወዴት ይሄዳል?

ለማስታወስ እጃችሁን ተጠቀሙ። ቀኝ እጃችሁን መዳፉ ወደ ታች ሆኖ ከፊታችሁ ዘርጉ። አውራ ጣት የግራው መስመር ነው፣ አራቱ ጣቶች የቀሩት መስመሮች ናቸው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችው ክፍተት የአምቡላንሱ መንገድ ናት። በግራ በሚነዳበት አገር በግራ እጅ አድርጉት።

የምትነዱበት አገር ሕግ ከሁሉም ይቀድማል። እሱን ካላወቃችሁ ግን አንድ የማይከሽፍ ደንብ አለ፦ ከፊታችሁ ያለው ወደ ወጣበት ዳር ውጡ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ቀኝ ከሆነ አምቡላንሱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ነው የሚያልፈው።

የፈጣን መንገድ የዳር መቆሚያ መስመርን በተመለከተ ደግሞ፣ መንገዱ ሲዘጋ አምቡላንሱ ራሱ በእሱ በኩል ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሳታዩ ዘላችሁ አትግቡበት። ሰልፍ ለማምለጥ በእሱ ላይ የሚነዱትንማ ተዉአቸው።

ቀይ መብራት ላይ

የብዙ ሰው ጥያቄ ይኼ ነው። ቀይ መብራት ላይ አንደኛ ቆሜያለሁ፣ አምቡላንስ ከኋላዬ ይጮሃል፣ ልጣስለት?

መልሱ አይ ነው። አረንጓዴ በርቶለት ከጎን የሚመጣው ሾፌር አምቡላንሱን አልሰማ ይሆናል። እናንተንማ ጨርሶ አይጠብቃችሁም። አምቡላንሱ ሳይረንና መብራት አለው፣ ሾፌሩም መስቀለኛ መንገድን እንዴት እንደሚያቋርጥ ሠልጥኗል። እናንተ ሁለቱም የላችሁም። በብሪታንያ ለምሳሌ ለአምቡላንስ ብዬ ነው ብላችሁ ቀይ ብትጥሱ ከቅጣት አታመልጡም። ተጠንቅቆ ትንሽ ወደፊት ማለትን የሚፈቅዱ አገሮችም አሉ፤ የአገራችሁን ሕግ እወቁ። የትራፊክ ፖሊስ በእጁ እለፉ ካላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እለፉ።

ማድረግ የምትችሉት ይኸው ነው፦ ከመቆሚያ መስመሩ ሳትወጡ መኪናችሁን ወደ ዳር አስጠጉ። ከፊታችሁ ሌላ መኪና ካለ፣ ያቺ ቀድማችሁ የተዋችኋት ክፍተት እዚህ ነው የምትጠቅማችሁ። ከፊት ያለው ተጠግቶ ከሆነና መውጫ ከሌላችሁ ደግሞ በቃ፣ የላችሁም። ዝም ብላችሁ ቆዩ። ክላክስ አትንፉ፤ የተጨነቀውን ሰው ይበልጥ ከማደናገር በቀር ፋይዳ የለውም።

አሁን ገልብጡት። አረንጓዴው የእናንተ ነው፣ አምቡላንሱ ግን ከጎን እየመጣ ነው። አትግቡ። መብራቱ ለእናንተ ቢሆንም አትግቡ። እግረኞች ዜብራ ላይ ቆመው ወደ አንድ አቅጣጫ አንገታቸውን አዙረው ካያችሁ እሱም ምልክት ነው። መስቀለኛው መሀል ከገባችሁ በኋላ ከሆነ የሰማችሁት ደግሞ መሀል ላይ አትቁሙ፤ ተሻግራችሁ ጨርሱና ከማዶ ዳር ያዙ።

አደባባይ ላይም ነገሩ ያው ነው። ገና ካልገባችሁ አትግቡ። ከገባችሁ ውስጡ አትቁሙ። የቀረበው መውጫ ላይ ውጡና ዳር ያዙ፣ መውጣት ካልቻላችሁ ዞራችሁ ቀጥሉ።

ኩርባና ጠባብ መንገድ

ኩርባ ላይ ወይም የዳገት ጫፍ ላይ ስትቆሙ አምቡላንሱን በማይታይ ቦታ ደርቦ እንዲያልፍ እያስገደዳችሁት ነው። ከወዲያ የሚመጣው አይታየውም። እንዲህ ባለ ቦታ ደህና ፍጥነት ይዛችሁ ቀጥሉ፣ ቀጥ ያለና ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ ፍሬቻ አሳይታችሁ ውጡ። ከኋላ እየጮኸ እንዴት እነዳለሁ ብላችሁ አትደናገጡ። እንዲያውም አንዳንድ የአምቡላንስ ሾፌሮች ሰውን ላለማጣደፍ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሳይረኑን አጥፍተው ይከተላሉ። ድምፁ ቆመ ማለት ጉዳዩ ቀረ ማለት አይደለም።

አውቶቡስና የጭነት መኪና የምትነዱ ሰዎች፣ ቁመታችሁ ከኋላ ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። እናንተ ቀድማችሁ ፍሬቻ ስታሳዩ ከፊታችሁ ያለው ትንሽ መኪናም ይነቃል።

"ባዶውን ነው የሚጮኸው"

ይህን የማይል ሾፌር ያለ አይመስለኝም። እኔም ብዬው አውቃለሁ። አምቡላንሱ ሲያልፍ አንገታችንን ሰገግ አድርገን ወደ ውስጥ እናያለን። ሰው ከሌለበት እንናደዳለን።

ባዶ አምቡላንስ እኮ ሰው ሊያነሳ የሚሄድ አምቡላንስ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚበልጠው ጥድፊያ ያኔ ነው። በሽተኛው ቃሬዛው ላይ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ኦክስጅንና ባለሙያ አጠገቡ አለ። ከዚያ በፊት ግን ወለል ላይ ወድቋል፣ አጠገቡ ያለው ሰውም ምን እንደሚያደርግ ላያውቅ ይችላል። ሳይረንን ያለአግባብ የሚጠቀም የለም ወይ? ይኖራል። ግን እሱን በመስታወት አይታችሁ መለየት አትችሉም። ሳይረንም መብራትም ሳያበራ የሚሄድ አምቡላንስ ብቻ ነው እንደማንኛውም መኪና ተራውን የሚጠብቀው።

ካለፈ በኋላ

አምቡላንሱ አለፈ፣ እፎይ አላችሁ። ቆዩ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ይከተላል፦ ሌላ አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪና ወይም ፖሊስ። ሳይረኖቹ እርስ በርስ ስለሚሸፋፈኑ አንድ ብቻ ያለ ይመስላል። መስታወት እዩ፣ ፍሬቻ አብሩ፣ ከዚያ ተመለሱ። ሁሉም በአንዴ ወደ መሀል ሲመለስ ነው የጎን ለጎን መፋጨት የሚመጣው።

ከአምቡላንሱ ጭራ ተለጥፎ የሚበረውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። አምቡላንሱ የከፈተለትን መንገድ እንደ ግል ንብረቱ ይጠቀምበታል። አሳፋሪ ነው፣ ከማሳፈሩ በላይ ደግሞ ያጋጫል። አምቡላንሱን አሳልፎ ወደ መስመሩ የሚመለስ ሾፌር ሁለተኛ መኪና በዚያ ፍጥነት ይመጣብኛል ብሎ አይጠብቅም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለጥሪ የሚሄድ የእሳት አደጋ መኪናን ከ500 ጫማ፣ ማለትም ከ150 ሜትር ገደማ፣ ቀርቦ መከተል ክልክል ነው። ቤተሰባችሁ አምቡላንሱ ውስጥ ቢሆን እንኳ አትከተሉ፤ የሚሄድበትን ሆስፒታል ጠይቁና በራሳችሁ ፍጥነት ሂዱ።

የቆመ አምቡላንስ

መኪና ስታቆሙም አስቡት። ጠባብ መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ጎን ደርባችሁ ስታቆሙ "ሁለት ደቂቃ ነው" ትላላችሁ። የሆስፒታል መግቢያና የድንገተኛ ክፍል በር ላይ አንድም ደቂቃ አይቆምም። አምቡላንስ ቆሞ ካያችሁም ከኋላው አትጠጉ። ቃሬዛው ብቻ ወደ 2 ሜትር ይረዝማል፣ ጎትቶ ለማውጣት ደግሞ ሰው የሚቆምበት ቦታ ይጨመርበታል። መኪናችሁን ሁለት የመኪና ርዝመት ያህል አርቁት።

መንገድ ዳር ቆሞ መብራቱ እያብለጨለጨ ካገኛችሁት ፍጥነት ቀንሱና ከቻላችሁ አንድ መስመር ርቃችሁ እለፉ። በአሜሪካ 50ውም ግዛቶች ይህን በሕግ ደንግገውታል። በሮቹ ከጎንም ከኋላም በድንገት ይከፈታሉ፤ ከውስጥ የሚወርደው ሰው ዓይኑ በሽተኛው ላይ ነው እንጂ እናንተ ላይ አይደለም። ስልክ አውጥታችሁ ልትቀርጹ ከሆነማ፣ ከኋላችሁ ያለው ሰልፍ የሚዘጋው በእናንተ ነው፤ ቀጣዩ አምቡላንስ የሚመጣውም በዚያው መንገድ ነው።